ቡሬ ድንጋዩን እስኪወጣ

ነገሌ ቦረና
ኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኤርሚያስ ለገሰ፤

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ቦረና ዝናብ አጥታ አለች፣ እኔም ጥርስ አጥቼ አለሁ፤ ሁለታችንም አልሞትንም።

ደብዳቤህን ሌንጮ ባለፈው ቅዳሜ አመጣልኝ። ጦሩ ስልካችሁን ሰብስቦ ካስቀመጠባችሁ ወዲህ ከድንበር ማዶ የሚመጣው ወሬ ሁሉ በዚህ የፊልቱ ሾፌር ኪስ ውስጥ ሆኗል። እሱም አውቆታል። ሻይ ሳልጋብዘው ደብዳቤ አያወጣም።

«ያቺን መጫወቻዬን ሞከሯት ወይስ ፈሯት?» ብለህ ጠይቀኸኛል። አንተ ልጅ፣ እኔኮ መጀመሪያ የጦሩ ካሚዮን፣ ቀጥሎ የነገሌ ሚኒባስ ሁሉ ስር ተኝቼ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ከሞያሌ ገዝተህ ያመጣሃትን ጫማ የምታክል መኪና ልፈራ? ሞከርኩት እንጂ። እሱ አልኩ፤ እናትህ ቀይና ነጭ ሆኖ ስታየው ቡሬ ካለችው ወዲህ በሬ ሆኗል። ሬሞቱን ይዤ ወደ ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ነዳሁት። እስከ ግማሽ ወጣና ቀረ። አክስሉን ከቦዲው ጋር የሚያያይዙት ዘንጎች ፕላስቲክ ናቸው፤ ድንጋይ ሲገፋቸው ይጎብጣሉ። መሪውም ሜዳ ላይ ጀግና ነው፣ ጎማው ድንጋይ ሲነካ ግን እጁን ይሰጣል። ይኼን የሠራ ቻይና ድንጋይ አይቶ አያውቅም። የሚለወጠውን ንገረኝና እለውጠዋለሁ።

እናትህ ሹራብ ጀምራልሃለች። «ዶሮ እንኳ ጥላ ፈልጋ በምትሄድበት አገር ሹራብ ምን ይሠራለታል?» ብላት፣ «ሁልጊዜ እዚያ አይኖርማ» አለችኝ። አካሉን ጨርሳ ቀኙን እጅጌ ይዛለች። ጎኗን ትንሽ ይወጋታል፣ ቀላል ነው። ጉያቱ ጠዋት ጠዋት ወተት ይዛላት ከጓሮ በኩል ትመጣለች፤ «ለኤርሚ አካም በሉልኝ» ብላለች። እንደሷ ያለ ጎረቤት ዘመድ ያስረሳል።

ለገና ፈቃድ ካገኘህ ና። ከዚህ በታች ያለው የእናትህ ጽሕፈት ነው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የጀመረችውን ፊደል እስካሁን አልጨረሰችውም፤ አንተ ግን እንደምታነበው አውቃለሁ።

አባትህ ለገሰ

ልጄ ብላ። በደንብ ተኛ። ቡሬ ድንጋዩን የወጣ ለት እልል እላለሁ። እናትህ ሐረገወይን


ከድንበር ማዶ
ታኅሣሥ 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ ለሃምሳ አለቃ ለገሰ፤

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። ሌንጮ ነገ ሳይነጋ ስለሚመለስ እየሮጥኩ ነው የምጽፈው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የቡሬን በሽታ በደንብ አግኝተውታል። ከአፍንጫው ስር ያለችው የክብሪት ሳጥን የምታክል ጥቁር ነገር ሰርቮ ትባላለች። ጎማውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ የምታዞረው እሷ ናት። የድሮዋ የውስጥ ጥርሷ ፕላስቲክ ነው፣ ለዚያ ነው ድንጋይ ሲገጥማት የምትሸነፈው። በዚህ ፖስታ ውስጥ በጨርቅ የጠቀለልኩት አዲሷ ነው፤ ከኬንያ በኩል የሚመጣ ነጋዴ ነው የሸጠልኝ። ጥርሷ ብረት ነው፣ እንደ እርስዎ አይረግፍም። (ለእማዬ አያንብቡላት፣ ትቆጣኛለች።)

ዘንጎቹን ደግሞ ከብረት ይሥሩልኝ። ሦስት ሚሊ ውፍረት ያለው፣ ቀጥ ያለ፣ የማይጎብጥ ብረት ይፈልጉ። ዋናዎቹ የታችኞቹ ሁለቱ ናቸው፤ ድንጋዩን የሚጋፈጡት እነሱ ስለሆኑ። ርዝመታቸው እኩል ይሁን። አንዱ ትንሽ እንኳ ከበለጠ አክስሉ ይጣመምና ቡሬ እንደ ሰካራም ወደ ጎን ይሄዳል።

የእማዬን ጎን «ቀላል ነው» ብለው አልፈውታል። እርስዎ ቀላል ነው ሲሉ እኔ እፈራለሁ። ያኔ የክራንቻው ጥርስዎ ሲመግልም ቀላል ነው ብለው ነበር። ሐኪም አይቷታል? ሹራቡን ቀስ ብላ ትሥራው፣ አይቸኩልም።

ለገና እመጣለሁ። ሻለቃው ቃል ሰጥቶኛል። ከዚያ በፊት ሁለት ዙር ጭነት ብቻ ነው የቀረኝ፤ መንገዱን ደግሞ እንደ ግቢያችን አውቀዋለሁ። ድንጋዩን አብረን እናስወጣዋለን፣ እማዬም እልል ትላለች።

ልጅዎ ኤርሚያስ


ነገሌ ቦረና
ጥር 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኤርሚያስ፤

ሰላምታዬ ይድረስህ። ገና አለፈ። አልመጣህም። የጦር ሰው ቃል እንዲህ መሆኑን ስለማውቅ አልተቀየምኩም፤ ብቻ በሩን ሳይ ነው የዋልኩት።

ሰርቮዋ ደርሳኛለች። ጆሮዎቿ ከቦታው ሁለት ሚሊ ተርፈው አልገባ ስላሉኝ በሞረድ ፍቄ አገባኋት። ከዚያ ግን ጎማው ወደ ግራ ብቻ ይዞራል፣ ወደ ቀኝ አይዞርም። ምን አጠፋሁ? ጻፍልኝ። ለዘንግ የሚሆን ብረት ገና እየፈለግሁ ነው። ጊዜ አለኝ። እንዲህ ያለ ጊዜ ኖሮኝ አያውቅም።

እናትህን ጠይቀሃል። ሐኪም አይቷታል። አሁን አይወጋትም።

ኤርሚ፣ ፈቃድ ጠይቅና ና። ለጥምቀት ካልሆነልህ ጾሙ ሳይገባ። አለቃህን «አባቴ ይፈልገኛል» በለው። ለምን ካለህ «ሽማግሌ ነው» በለው፤ ምክንያት የሚጠይቅ ከሆነ እሱም አባት የለውም ማለት ነው። ና ብቻ። ስልክ ብታገኝም አትደውል፣ ስልኬ ተበላሽቷል።

አባትህ ለገሰ


(ይህ ደብዳቤ አልተላከም)

ነገሌ ቦረና
ጥር 5 ቀን 2015 ዓ.ም.

ኤርሚ፣

እናትህ ሞታለች። ታኅሣሥ ሃያ፣ በገብርኤል ማግስት። ጎኔን ካለች በኋላ ሁለት ወር እንኳ አልቆየችም። ሐኪሙ ሲያያት ዘግይታችኋል አለኝ። ቀላል ነው ያልኩህ እኔ ነኝ። እሷ ነበረች ቀላል ነው የምትለኝ፣ እኔም ማመን ስለሚቀለኝ አመንኳት። አርባ ሦስት ዓመት የሞተር ድምፅ ሰምቼ የትኛው ዳዶ እንደላላ የማውቅ ሰው፣ አጠገቤ የምትተኛዋን ሴት ሳል አልሰማሁም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አንተ ግን ይቅር አትበለኝ።

ትናንት የጻፍኩልህን እንዴት እንደጻፍኩት አላውቅም። አሁን አይወጋትም አልኩህ። ውሸት አይደለም።

ለምን እንደማልነግርህ ልንገርህ። በ1973 ዓ.ም. አባቴ መርሐቤቴ ላይ ሲሞት ወንድሜ በደብዳቤ ነው የጻፈልኝ። ካምፑ ውስጥ ካሚዮን ስር ተኝቼ ዘይት እያፈሰስኩ አንድ ወታደር ወረቀቱን በእግሬ በኩል አቀበለኝ። እዚያው ተኝቼ አነበብኩት። ዘይቱ ደረቴ ላይ እየፈሰሰ ነበር። የሚይዘኝ ሰው አልነበረም፣ «አይዞህ» የሚለኝ አልነበረም፤ አለቃዬ «ጨርሰሃል?» ብሎ ጮኸ፣ እኔም «አልጨረስኩም ጌታዬ» ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። እስከ ዛሬ ያንን ልቅሶ አላለቀስኩትም። መርዶ በወረቀት አይነገርም። ሰው በማለዳ መጥቶ፣ ግራና ቀኝ ይዞ፣ ቁጭ አድርጎ ነው የሚናገረው። በልጄ ይህን አላደርግበትም ብዬ ምያለሁ።

ስለዚህ ና እልሃለሁ እንጂ ለምን እንደምትመጣ አልነግርህም። ድንበር አቋርጬ እኔ አልመጣ። አንተም ደግሞ አትመጣም። የእድሩ ሰው ሁሉ የአንተን መምጣት ይጠብቃል፤ አርባዋም ሊደርስ ነው።

ይህን ወረቀት ከሷ ነጠላ ጋር ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ሆድ ይፍጀው።


የካቲት 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ፤

አባባ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጽሕፈቱ የእኔ ስላልሆነ አይደንግጡ። የመኪና በር ጣቴን ስለቆነጠጠኝ የሚጽፍልኝ ጓደኛዬ ሚልኪ ነው፤ የአሬሮ ልጅ ነው፣ አማርኛው እንደ መኪናው መሪ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፣ እኔ ግን እያረምኩት ነው። (ሚልኪ ነኝ፦ ይሄን ዓረፍተ ነገር ሳልወድ ነው የጻፍኩት፣ አባባ። ናጋ፣ ሰላም ይሁኑ።)

ለገናም ለጥምቀትም ባለመምጣቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ፈቃድ ተከልክሏል። እስከ መቼ እንደሆነ አይታወቅም። እባክዎ ና አይበሉኝ፤ ማድረግ አልችልም።

የሰርቮዋ ነገር ቀላል ናት። ክንዷን ያላቁና መጀመሪያ መብራት ይስጧት። ራሷ ዞራ ዞራ መሃሏን ታገኛለች። መሃል ላይ ስትቆም ያኔ ጎማውን ቀጥ አድርገው ክንዷን መልሰው ይግጠሙላት። እርስዎ ከዳር ላይ ሳለች ስለገጠሟት ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። እዚህ አንድ ጓደኛ አለኝ፣ እንደ እኔ እነዚህን ትንንሽ መኪኖች ይወዳል። የሚሠራለት ግራ እጁ ብቻ ነው። ሬሞቱ ግን በአንድ እጅ ተይዞ ጋዙ በጣት ይሳባል፣ መሪው በሌላው እጅ ይዞራል። በግራ እጅ ብቻ የሚነዳበት ዘዴ ይኖር ይሆን? እርስዎ ዘዴ አያጡም ብዬዋለሁ። ዕድሜ ልኬን የማውቀውን ሰው ስለ ሬሞቱ ልጠይቅልህ ብዬ ፎከርኩበት።

እማዬ ከደብዳቤው ስር ለምን አልጻፈችልኝም? ተቆጣችኝ?

ልጅዎ ኤርሚያስ


ነገሌ ቦረና
የካቲት 21 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኤርሚያስ፤

እንደምን ከረምክ? ጾሙ እንዴት ይዞሃል? እናትህ አልተቆጣችህም። ተቆጥታህ አታውቅም፣ ዛሬም አትጀምርም። ዓይኗ ስላላስቻላት ነው ያልጻፈችው።

መጀመሪያ የምሥራቹን ልንገርህ። ቡሬ ወጣ!

አንተ ያልከኝን አደረግሁ። ክንዷን አላቅቄ መብራት ብሰጣት እንደተባለው እየተንቀጠቀጠች መሃሏን አገኘች። ከዚያ ገጠምኳት። ኧረ ጉድ ነው፣ ጎማውን በጣቴ ብይዘው ጣቴን ይዞ ዞረ። ዘንጎቹ ግን ፈተኑኝ። ሚስማር ሞከርኩ፣ ጎበጠ። የሳይክል ጎማ ሽቦ ሞከርኩ፣ ቀጠነ። የብረታ ብረት ቤቱ ልጅ የሚሸጠውን ደግሞ ሦስት ሚሊ ነው ይላል፣ ስለካው አራት። በመጨረሻ ከቤቴ አገኘሁት፤ የእናትህ የሹራብ መርፌ። ሦስት ሚሊ ልክክ፣ ያ የጥንቱ ብረት፣ ቀጥ ያለ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ። ሁለቱን ሞርሳ ላይ አስሬ በብረት መጋዝ ቆረጥኳቸው። ከሁለቱ መርፌ የላይኞቹም የታችኞቹም ወጡ። ጫፋቸውን ሞርጄ ጥርስ አወጣሁላቸው። የታችኞቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ ጥፍሬን ብስብባቸው ልዩነት አይሰማም። በዓይኔ ባልተማመንም በጥፍሬ እተማመናለሁ። ፋብሪካ ከዚህ የተሻለ አይሠራም፤ ይቺን ያልኩህ እኔ ነኝ።

ከዚያ ወደ ድንጋዩ ነዳሁት። ግማሽ ላይ ሲደርስ እንደ በፊቱ ቆመ። መሪውን ወደ ቀኝ አጠፍኩት፤ ጎማው ድንጋዩን ነክሶ ዞረ፣ ዘንጎቹ ሳይጎብጡ አክስሉን ገፉት፣ ወጣ። አናቱ ላይ ቆመ። እኔም ድንጋዩ ላይ ከጎኑ ተቀመጥኩ። አቧራ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ብዙ ቆየሁ። ጉያቱ ባጥሩ አሻግራ አይታኝ ተመለሰች።

አሁን ወደ ጓደኛህ ጉዳይ። ጋዝ በጣት የሚሰጥበት አገር የት ነው? ጋዝ በእግር ነው። ሬሞቱን በትንሽ ጣውላ ላይ አሠርኩት፣ ጣውላው ጭን ላይ ይቀመጣል። ከጋዙ መሳቢያ የሳይክል ፍሬን ገመድ አወረድኩና ከታች ትንሽ ፔዳል ላይ ቋጠርኩት። በቀኝ እግር ይረግጣል፣ በግራ እጅ መሪ ያዞራል፤ እንደ ትልቅ መኪና። የመሪውን ቦታ ለግራ እጅ እንዲመች ገልብጬዋለሁ። እኔ ራሴ ቀኝ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ሦስት ቀን ተለማመድኩበት። ይነዳል። ለጓደኛህ ይነዳል በለው።

ኤርሚ።

ደብዳቤህን ሌንጮ አላመጣውም። በክብረ መንግሥት በኩል፣ በሐዋሳ አውቶቡስ ነው የመጣው። ከድንበር ማዶ የተጻፈ ወረቀት በሐዋሳ በኩል ምን ያዞረዋል? የመኪና ሰው ነኝ፣ መንገድ አውቃለሁ። ጣቱን በር የቆነጠጠው ሰውም ፊርማው እንዲህ አይሆንም። በግራ እጅ የተፈረመ ነው። ለሰው እያዘዘ ያጻፈ፣ ስሙን ግን ለሰው አልሰጥም ያለ ልጅ ፊርማ ነው፤ ከትንሽነትህ ጀምሮ እንዲሁ ነህ።

አልቆጣህም። የቀረህን ንገረኝ። የሄደውን አልጠይቅህም፣ የቀረህን ንገረኝ።

አባትህ ለገሰ


ሐዋሳ
መጋቢት 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

አባባ፤

ይህን ራሴ ነኝ የምጽፈው። ፊደሌ እንደ እማዬ ፊደል ተንጋዷል፣ ይታገሱኝ። አንዱን ገጽ ለመጨረስ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

ቀኝ እጄ ከክርኔ በላይ የለም። ታኅሣሥ 24 ቀን ነው። የመጨረሻው ዙር ነበር። ስለዚያ ቀን አልጽፍም፤ አብሮኝ ጋቢና ውስጥ የነበረው ልጅ ቤተሰቦቹ ገና አልሰሙም፣ ወረቀትም እግር አለው። የቀረህን ንገረኝ ስላሉኝ፦ ሁለት እግር፣ ሁለት ዓይን፣ አንድ እጅ፣ ግማሽ እንቅልፍ። ሆስፒታል ከገባሁ ሁለት ወር ተኩል ሆኖኛል። የሚልኪ እግር ነው የተጎዳው፣ ከአልጋዬ አጠገብ ነው የሚተኛው።

የጦሩ ሰዎች ለቤተሰብ እንንገር ሲሉኝ እምቢ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ደብዳቤዎችዎንም ጓዶቼ ከዚያ ወደዚህ ያሻግሩልኝ ነበር። ዋሽቼዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። ስልክም ነበረኝ። ብደውል እማዬን አቅርቡልኝ ማለት ይኖርብኛል፣ እሷ ደግሞ «እማዬ» ስል ብቻ ታውቅብኛለች። ስለዚህ ስልክዎ ተበላሽቷል ሲሉኝ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ።

ከዚህ ሊያስወጡኝ ነው። ጡረታዬን ይጨርሱልኛል። መምጣት እችላለሁ። ግን እንዲህ ሆኜ እሷ ፊት መቆም አልችልም አባባ። በሩ ላይ ቆማ ታቅፈኛለች፣ ስታቅፈኝ ደግሞ ባዶውን ታገኘዋለች። እዚህ የምቀርበት ሥራ ፈልጌ አላጣም፣ ሚልኪም አብረን እንከራይ ብሎኛል። ና ካሉኝ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ቀድመው ይንገሯት። በልታ ስትጨርስ ይሁን፣ ጉያቱ አጠገቧ ትቀመጥ፣ እጅ የሚለውን ቃል መጀመሪያ ላይ አያውጡ። መጀመሪያ «በሕይወት አለ» ይበሏት። ከዚያ የተናገረችውን ቃል በቃል ይጻፉልኝ። ያንን ካላነበብኩ አልመጣም። ይህ የመጨረሻ ቃሌ ነው።

ለዚያ ፔዳል ምን ልበልዎት? ሚልኪ ሲያነብልኝ ሁለታችንም ሳቅን፣ እሱ ቀጥሎ ወጣ ብሎ ቆየ። ቀኝ እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ከተው ሦስት ቀን!

ልጅዎ ኤርሚያስ

መጋቢት 8 ቀን። አባባ፣ ይህን ደብዳቤ ፖስታ ውስጥ ከትቼ ሳልልከው ሁለት ቀን አደረ። ዛሬ የእርስዎን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። ቡሬ ድንጋዩን ሲወጣ እማዬ እልል አለች ወይስ አላለችም፣ አልጻፉልኝም። ጉያቱ በአጥር አየችኝ ነው ያሉት። ደግሞም መርፌዎቿን ሁለቱንም ቆርጠዋቸዋል። አባባ፣ ሹራቡን በምንድነው እየሠራችው ያለችው?


ሐዋሳ፣ ከሆስፒታሉ በር
መጋቢት 16 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል

ኤርሚ፣ ልጄ፤

ይህን ወረቀት የበሩ ጥበቃ ለሚልኪ ይሰጠዋል፣ ሚልኪ ደግሞ አጠገብህ ተቀምጦ ይሰጥሃል። እሱ ሳይቀመጥ እንዳትከፍተው፤ ከከፈትከውም ቁጭ በል።

ድንበር ማዶ ብትሆን ኖሮ አልደርስብህም ነበር። ሐዋሳ ከሆንክ ግን የሌንጮ መኪና ታደርሳለች። ትናንት ከሰዓት ነው ከነገሌ የተነሳነው፤ ክብረ መንግሥት ጥቂት አርፈን ሌሊቱን ስንጓዝ አደርን። እኔ አለሁ። ጉያቱ አለች፣ ሌሊቱን ሙሉ መኪና ሲያጥወለውላት «ልጄ ጋ ሳልደርስ አልወርድም» እያለች ነው የመጣችው። የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ብርሃን አሉ። ሌንጮም ሻይ አልጠየቀኝም።

የጠየቅከኝን በወረቀት አልመልስልህም። ለዚህ ነው የመጣነው። አንተም የጦር ሰው ነህ፣ የእድር ልጅ ነህ፤ በማለዳ፣ ነጠላ አዘቅዝቀው፣ አራት ሆነው በር ላይ የሚቆሙ ሰዎች ምን ይዘው እንደሚመጡ ታውቃለህ።

እንድነግራት ያዘዝከኝን ግን ነግሬያታለሁ። እንዳልከኝ ነው ያደረግሁት። ጉያቱ አጠገቤ ነበረች። መጀመሪያ «በሕይወት አለ» አልኳት። ከዚያ ቀስ ብዬ ሌላውን ነገርኳት። መቃብሩ ላይ ያለው አፈር ገና አልረጋም። የተናገረችውን ቃል በቃል ጻፍልኝ ብለሃል፤ ምንም አላለችም፣ ኤርሚ። ብትችል ኖሮ ግን የምትልህን አንተም እኔም እናውቀዋለን። ብላ፣ ተኛ ነበር የምትለው። ሰው ናፍቃ በር ላይ የቆመች እናት እጅ አትቆጥርም፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አብሬያት ኖሬ አውቃለሁ። ይህን ቀድሜ ልነግርህ ይገባኝ ነበር። መርዶ በወረቀት አይነገርም ብዬ የእሷን ደበቅሁህ፤ አንተም የእጅህን ደበቅከኝ። እሷን ልናተርፍ ስንዋሽ ከረምን፣ እሷ ግን አልነበረችም።

ቡሬን ከፔዳሉ ጋር መኪናው ላይ ጭኜዋለሁ። ሹራቡንም ይዤዋለሁ። መርፌዎቿን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ክሩ እንዳይተረተር ጉያቱ ጫፉን ቋጥራዋለች። ጨርሳ የሄደችው የቀኙን እጅጌ ነው። የግራው አልተጀመረም። ምን ላድርግ፣ እንዲህ ሆነ።

እዚህ በሩ ላይ ይበርዳል። ሹራቡን ከዚህ ወረቀት ጋር ለጥበቃው ሰጥቼዋለሁ። ሚልኪ ያልብስህና ውጣ። ቆመን እየጠበቅንህ ነው።

አባትህ ለገሰ